ባቡር የሌለው ባቡር ጣቢያ

ሰሞኑን በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይም ሆነ ማታ በማደሪያ ክፍላችን፣ ሦስትና አራት ተማሪ በተሰበሰበበት ሁሉ የማይቀር ክርክር አለ። ያረጁ የሕዝብ ሕንፃዎች ይጠበቁ ወይስ ፈርሰው በአዲስ ይተኩ? ነገሩ የተጋጋለው በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ፒያሳን፣ ከፒያሳም ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን ጠርጎ ባነሣ ጊዜ ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲከተል ደግሞ ባሰበት። አንዱ ወገን «ቅርሳችን አለቀ!» ይላል። ሌላው ወገን «እስቲ መጀመሪያ ለአሥር ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት ባለው ግቢ ውስጥ እደግና ከዚያ ስለ ቅርስ ታወራለህ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያማ ጩኸት ነው። አንዱ አንዱን ሳይሰማ ሌሊቱ ይጋመሳል።

ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ራሳችን ከሁለቱም ወገን ነን። ከመካከላችን ክረምት በገባ ቁጥር በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ባልዲና ድስት እየደረደረ ያደገ አለ። አያቱ ስለ ጥንቷ አራዳ እየተረከችለት ያደገም አለ። ስለዚህ ማንንም ከማንም ለማስታረቅ አልተነሣንም። የተነሣነው ጥያቄው ራሱ በትክክል የተጠየቀ ስላልመሰለን ነው። «ይጠበቅ» ሲባል ምኑ ነው የሚጠበቀው? ድንጋዩ ነው? መልኩ ነው? ወይስ በውስጡ ይሠራ የነበረው ሥራ?

መቼም ከራስ ግቢ መጀመር ይቀላል። በየቀኑ በበሩ እየገባን በበሩ የምንወጣበት የስድስት ኪሎ ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚህ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያ የተነሣው ጭፍጨፋም የከተማውን ሕዝብ ለቀናት አረደው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑት በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዓመት በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ይህን ያህል ደም ያየ ቤት ቢፈርስ ማን ይፈርድ ነበር? አልፈረሰም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ገባበት፤ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ሆነ።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለውን ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፎቶግራፍ ያልተነሣበት የምሩቃን ባች የለም። ደረጃውን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ መወጣጫ የፋሽስቱን አገዛዝ አንድ ዓመት እንዲቆጥር ተብሎ የተሠራ፣ ወደ ሰማይ የሚወጣ የሙሶሊኒ ውዳሴ ነበር። ጣሊያን ተባረረ። አባቶቻችን ደረጃውን አላፈረሱትም፤ እንዳለ አክብረውም አልተዉትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አወጡበት። የፋሽስቱ ዓመታት በሙሉ የአንበሳው እግር መቆሚያ ሆነው ቀሩ! እኛ ስለ ሕንፃ ጥበቃ ከተጻፈው ብዙ ነገር ይልቅ ከዚህች ደረጃ ተምረናል ብንል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱም «ይፍረስ» እና «አይነካ» ብቻ ናቸው መንገዶቹ የሚለውን የማደሪያ ክፍላችንን ክርክር ውድቅ ታደርገዋለች።

እንግዲህ «ኢትዮጵያዊ ቅርሱን አይወድም፣ ማፍረስ ባህሉ ነው» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች ከታሪካችን ግማሹን ብቻ ነው ያነበቡት። እውነት ነው፣ ለረጅም ዘመን ከተማችን ተንቀሳቃሽ ነበረች፤ ንጉሡ ሲነሣ ከተማው ይነሣል፣ ድንኳኑም ጎጆውም አብሮ ያልቃል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል የወረደች ሰፈር ናት። ብዙም ሳትቆይ ማገዶ አልቆባት ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ተነሥተው ነበር። ያቆማት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚደርስ ዛፍ ሲገኝ ከተማዋ ባለችበት ቀረች። ከዚያ በኋላ የተሠራው የሠፊው ሕዝብ ቤት ማገሩም ወራጁም ይኸው ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃና ጭድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቤት በየጊዜው ካልተመረገና እግሩ ካልተጠገነ ይወድቃል። ስለዚህ አያቶቻችን ቤት መጠበቅን አያውቁም ማለት ስሕተት ነው። በየዓመቱ ምርጊት ያደርጉ ነበር እኮ! ጥበቃ ለእነሱ አንድ ጊዜ ገንዘብ መድቦ የሚደረግ ሥራ ሳይሆን የመስከረምና የጥቅምት የቤት ሥራ ነበር።

ታዲያ ያ ቤት መቼ ነው ያረጀው? የፒያሳንና የካዛንቺስን ጭቃ ቤቶች ያየ ሰው «ዕድሜ ጨረሳቸው» ይላል። እኛ ግን ዕድሜ ብቻ አይመስለንም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጠውን ቤቶች ቀበሌ ተረከባቸው፤ ኪራዩም እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለተከራዩ ድኻ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን ያ ጥቂት ብር ለዓመታት ከፍ ሳይል ሲቀር ቆርቆሮ የሚለውጥበት፣ ምሰሶ የሚተካበት ገንዘብ ከየት ይምጣ? ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ አይጠግንም፤ ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ብሎ አይጠግንም። በመካከል ቤቱ ከእግሩ ይበሰብሳል። ቤቱ ያረጀው ባለቤት በማጣት ነው ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም። ዛሬ አፍራሹ መጥቶ «ያረጀ ነው» ሲል ትክክል ነው፤ ማን አስረጀው የሚለውን ግን ማንም አይጠይቅም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የቤት አያያዝ ማለት ባለበት ማስቀመጥ ብቻ ቢሆን ደብረ ዳሞን ዛሬ አናየውም ነበር። ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተሠራው፣ የወራጆቹ ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» እየተባለ የሚጠራው ያ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1948 ሊወድቅ ደርሶ ነበር። ማቴውስ የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት መነኮሳቱና ሠራተኞቹ ባሉበት እየፈታ መልሶ ሠራው። እንግዲህ ፈርሶ ነው የዳነው! በተቃራኒው ደግሞ ጎንደርን እንይ። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የፋሲልን ግንብ «እናድስ» ብለው በሲሚንቶና በብረት ቤቶን ለጠፉት። ግንቡ የተሠራው በኖራ ነበር። በኋላ ሌሎች ባለሙያዎች መጥተው ያንን ሲሚንቶ አንሥተው ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆነባቸው። መጠገንም ያበላሻል፣ መፍታትም ያድናል። ስለዚህ «አፍራሽ» እና «ጠባቂ» እያልን የምንሰዳደብበት ስም ራሱ ብዙ አይነግረንም።

አክሱም ደግሞ ሌላ ነው። አፄ ፋሲል እንደገና ያሠሩት አሮጌው ጽዮን ማርያም ቆሞ እያለ፣ በ1957 ዓ.ም. አዲሱ ባለ ጉልላት ጽዮን ከጎኑ ተመረቀ። ወደ አሮጌው ሴቶች አይገቡም፤ በአዲሱ ግን ወንድም ሴትም ይሳለማል። አዲስ ፍላጎት መጣ፣ አዲስ ቤት ተሠራለት፤ አሮጌው ግን ሥራውን አልተቀማም። ቦታ ላለው ሰው ይህ ከሁሉ ያማረ መፍትሔ ነው። አዲስ አበባ መሐል ግን ቦታው ነው ጠቡ።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንምጣ፤ ለገሐር። ስሙ እንኳ ባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ሕዝቡ በአፉ አላምዶ የራሱ አደረገው። ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም.፣ ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በአንድ ሜትር ስፋት። ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረ ዕቃ በባቡር ይገባ ጀመር። ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ መስታወቱ በዚህ በር ነው የገባው። ስለዚህ አዲስ አበባ የድንጋይና የቆርቆሮ ከተማ የሆነችው በለገሐር በኩል ነው ብንል አንሳሳትም። ከባሕር ዛፉ ቀጥሎ ከተማዋን በቦታዋ የቸነከረው ይህ ሐዲድ ነው።

በበሩ ላይ የታሪክ ጓዝ ሁሉ አልፏል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሡ በዚሁ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። በንግሥናቸው ጊዜ ከጣቢያው ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ ከነፃነት በኋላ ከብዙ ዓመት ደጅ ጥናት ጋር ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ሐውልት ይነቀላል፣ ይጫናል፣ ይመለሳል። ጣቢያውን ግን መርከብ ላይ መጫን አልተቻለም። የከተማው ፕላንም ለጣቢያው ታዘዘ፤ የቸርችል ጎዳና ከጣቢያው ደጃፍ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይወጣል። ከማዘጋጃ ቤቱ በኩል ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ከተማው በማን ዙሪያ እንደ ታቀደ ይገባዋል።

ከዚያ ሐዲዱ አረጀ። ጥምዝምዙ በዛ፣ ጥገናው አነሰ፣ ጭነቱ ወደ መኪና ዞረ፤ በመጨረሻም ባቡሩ አዲስ አበባ መግባቱን አቆመ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሰፊ ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው፤ ጣቢያውም ለገሐር ሳይሆን ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው። ይህ ውሳኔ ሞኝነት ነበር አንልም። ከባድ የጭነት ባቡር በከተማ መሐል ማስገባት አይቻልም፤ አዲሱ ሐዲድ ሰፊ ቦታና ቀና መስመር ይፈልጋል። ባቡሩ መሄድ ነበረበት። የእኛ ጥያቄ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ያለው ነው።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር በለገሐር ቦታ ላይ በዐረብ ኤምሬትስ ኩባንያ ሊሠራ የታቀደው ትልቅ መንደር ይፋ ሲሆን፣ አሮጌው የጣቢያ ሕንፃ እንደሚጠበቅ ተነግሮ ነበር። ጥሩ ነው። ወዳጆቻችን «ይኸው፣ አልፈረሰም፣ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይሉናል። እኛ የምንፈልገውን እንንገራችሁ። በፎቅ መሐል በሣርና በአበባ ተከቦ የሚቀር፣ ሠርገኛ ፎቶ የሚነሣበት ቢጫ ግንብ ተጠብቋል ማለት ይከብደናል። መልኩ ቀርቷል፤ ሥራው ሄዷል። ጣቢያ ማለት ሰው የሚመጣበትና የሚሄድበት፣ ሸክም የሚወርድበት፣ እናት ልጇን የምትሸኝበት ቤት ነው። ሽኝት የሌለው ጣቢያ የጣቢያ ሥዕል ነው።

ይህን ስንል በደመ ነፍስ አይደለም፤ የምናስተያይበት ነገር አለንና። ከለገሐር ብዙ ሳይርቅ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ነድፎት በ18 ወር ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሆነው ባለ ቀለም መስታወት፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል የያዘው፣ እዚያው ነው። ይህም ሕንፃ አረጀ። ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ጣሪያው ሁሉ ዘመኑ አልፎበት ነበር፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ምን ይሆናል የሚል ሥጋትም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ መድቦ ለዓመታት ሲያድሰው ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ከፈተው። መስታወቱ ተጠገነ፣ የውጪው ሞዛይክ በጥንቱ መልክ ተሠራ፣ በውስጥ ደግሞ የዘመኑ ማጉያና ማስተርጎሚያ መሣሪያ ገባለት። ከሁሉ በላይ ግን አዳራሹ ዛሬም ስብሰባ ይሰበሰብበታል! የተሠራለትን ሥራ ይሠራል። ለዚህ ነው እድሳቱ የተሳካ የምንለው።

አንዳንድ ተማሪ ከዚህ ላይ «የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ ያለው ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ዶላር ማን ይመድብለታል?» ብሎ ያቋርጠናል። ትክክል ነው። ደግሞም ክርክሩ የሚመረው እዚህ ላይ ነው። የመሪዎች አዳራሽ ሲያረጅ ይታደሳል፤ የሠፊው ሕዝብ ቤት ሲያረጅ ይፈርሳል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከቦታው አይነሣም፤ ሕጉ ግን ቤተ መንግሥትንና የመኳንንት ቤትን ለማወቅ ዓይኑ የተሳለ ነው፣ የወርቅ ሠሪውን ደሳሳ ሱቅ ለማወቅ ግን ዓይኑ ይደክማል። ፒያሳን ፒያሳ ያሰኛት ግንቡ ብቻ ነበር እንዴ? ወርቅ ቤቶቹ፣ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ኬክ ቤቶቹ፣ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሀገር ፍቅር ቴአትር ተመልካችና ከቴአትር በኋላ ሻይ የሚጠጣው ሕዝብ አብረው ናቸው ፒያሳ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ሌቱም አይነጋልኝን ሲጽፍ ውቤ በረሃን ያሳየን ቤት እየቆጠረ አይደለም፤ ሰዎቹን እያናገረ ነው። ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ሰዎች ገላን ጉራ ገብተዋል። ውሃና መጸዳጃ ያለው ቤት አገኙ፤ ይህን የሚንቅ ሰው ቀበሌ ቤት ያላደገ ነው። ጉሊቷ፣ ዕድሯ፣ ልጆቿ የሚማሩበት ትምህርት ቤትና የምትታከምበት ጤና ጣቢያ ግን አብረው አልተጫኑም።

እንግዲህ የእኛ ሚዛን ይኸው ነው። አንድ አሮጌ ሕንፃ ወይም ሰፈር ይቆይ ወይስ ይሂድ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብለን አይደለም፤ «ማን ይሠራበታል? ሥራው የት ይሄዳል?» ብለን ነው። ሥራው እዚያው ሊቀጥል ከቻለ ቤቱ እንደ ደብረ ዳሞ ተፈትቶም ቢሆን ይሠራ። ቤቱ የማይድን ከሆነም ሥራውና ሰዎቹ እዚያው በአዲሱ ቤት ቦታ ይሰጣቸው። ጭቃውን ለጭቃነቱ ማምለክ ከእኛ ወዲያ ይቅር። የማይበጀው ቤቱን ጠብቆ ሰውን ማባረር፣ ወይም ቤቱንም ሰውንም አባሮ በበሩ ላይ «ታሪካዊ ቦታ» ብሎ መጻፍ ነው።

በዚህ ሚዛን ለገሐርን ብንመዝነው አንድ ነገር ማለት ይቻላል፤ ምናልባት የዋህ ሐሳብ ትሉት ይሆናል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ላይ ነው፤ ሁለቱም መስመሮች በአንድነት የሚያልፉበት ክፍል ላይ ለገሐር የሚባል ፌርማታ አለ፤ ከአሮጌው ጣቢያ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ባቡር ከለገሐር ጨርሶ አልሄደም ማለት ነው! አሮጌው ሕንፃ የቀላል ባቡሩ ትኬት መሸጫና መጠበቂያ አዳራሽ ቢሆን ምን ይከለክላል? ድሬዳዋና ጅቡቲ የሚሄደው መንገደኛ ትኬቱን እዚያው ገዝቶ፣ ሻንጣውን እዚያው አስመዝኖ፣ በአውቶቡስ ወደ ፉሪ ለቡ ቢወሰድስ? አሁን መንገደኛው ከነሻንጣው በሌሊት ተነሥቶ ታክሲ እየቀያየረ እስከ ከተማው ዳር ይንከራተታል። ይህን የምንለው ሕንፃው እንዲያምር ብለን አይደለም፤ መንገደኛው የሚያርፍበት ጣሪያ፣ ሕንፃውም የሚሠራው ሥራ እንዲያገኝ ነው። የከተማ ፕላንና የኢንጂነሪንግ ክፍል ጓደኞቻችን ይህ የማይሆንበት ምክንያት ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፉልን፤ የአውቶቡሱ መቆሚያ በየትኛው በር በኩል ቢሆን እንደሚሻል ጭምር።